ልጁ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያሉት ግን አራት ቃላት ናቸው

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ባለትዳር ነኝ፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጅም አለችኝ። የምጽፈው ግን ስለ እህቴ ልጅ ነው።

እህቴ ቤሩት ከሄደች ሦስት ዓመት አልፏታል። ስትሄድ ልጇ አንድ ዓመት ከስምንት ወሩ ነበር። አደራ ብላ የሰጠችው ለባሏ እናት ነው። አያትየው ጥሩ ሴት ነበሩ፣ ግን ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ከዚያ ልጁ ደምቢያ ገጠር አባቱ ዘንድ ሆነ። አባቱ ሌላ አግብቷል፣ ከአዲሷ ሚስቱም ጡት የሚጠባ ልጅ አለው። እህቴ በየወሩ ብር ትልካለች፣ «ደህና ነው፣ አድጓል» ይሏታል።

ባለፈው ለመስቀል ስሄድ ልጁን ያገኘሁት ከቤቱ ጀርባ ካለች ትንሽ ጎጆ ውስጥ ነው። በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። ሰዎቹ ሥራ ሲወጡ እዚያ ዘግተውበት ነው የሚሄዱት፣ ማታ ሲገቡም የሚያናግረው የለም። «እንዳይጠፋ ብለን ነው፣ ደግሞ ዲዳ ነው፣ ምንም አይገባውም» አሉኝ። ጸጉሩንና ጥፍሩን አልነግርዎትም። አልተጣላሁም፣ «ለጥቂት ቀን ልውሰደው» ብዬ ይዤው መጣሁ። እስካሁን እኔ ጋ ነው።

ሚያዝያ ላይ አምስት ዓመት ይሞላዋል። «ውሃ» ይላል። «እንቢ» ይላል። ውሻ ሲያይ «ውው» ይላል። ልጄን ደግሞ «እታ» ይላታል። በቃ ይኸው ነው። ሌላ ነገር ሲፈልግ የቀሚሴን ጫፍ ይዞ ይጎትተኝና እጄን አንስቶ ዕቃው ላይ ያስቀምጠዋል። ልጄ የፈለገው ነገር ቶሎ ስለሚገባት «ዳቦ ነው ያማረው» እያለች ትነግረናለች። እንጀራ ጨብጦ ፍራሹ ሥር ይደብቃል። ሲወድቅ አያለቅስም። ጎረቤት ጮክ ብዬ ከጠራሁ አልጋ ሥር ይገባል። ለጥምቀት ይዤው ወጥቼ ከበሮውና እልልታው ሲደምቅ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠብኝ፣ ሳንቆይ ተመለስን።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን «ጠበል ነው የሚሻለው፣ ሐኪም ምን ያደርግለታል» ይላል። ቋንቋ እንዲለምድ ብሎም ቴሌቪዥን ከፍቶ ፊቱ ያስቀምጠዋል። ጎረቤቶቼ «ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም» ይሉኛል። አንድ መዋዕለ ሕፃናት ወስጄው ነበር፣ «መጀመሪያ ይናገርና አምጪው» ብለው መለሱኝ።

ከሁሉ የባሰብኝ ስልኬ ላይ ያነበብኩት ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ተዘግቶባት ያደገች ልጅ ነበረች፣ ከተገኘች በኋላ ብዙ ቢለፋባትም በደንብ መናገር ሳትችል ቀረች ይላል። ያን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

እህቴ በየሳምንቱ በኢሞ ትደውላለች። «ልጄን አገናኚኝ» ስትለኝ «ተኝቷል»፣ «ከልጆች ጋር ወጥቷል» እላታለሁ። እኔ ጋ መሆኑን እንጂ እንዴት እንዳገኘሁት አታውቅም። ብቻዋን ሰው አገር ሆና ብትሰማ አንድ ነገር ትሆንብኛለች ብዬ እፈራለሁ። አሁን ደግሞ እህቴ ብሩን ወደ እኔ ስላዞረችው ነው መሰለኝ፣ አባትየው «ልጄን መልሺ» እያለ ሰው ይልክብኛል።

ረፍዶበታል ወይ? ለእህቴስ ልንገራት ወይስ አፉን እስኪፈታ ልጠብቅ?

አክስቱ ነኝ፣ ከአዘዞ

መልስ

እህቴ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽና ዛሬ እንኳ ተኚ። አልረፈደበትም። ለእህትሽም ንገሪያት፣ አፉን እስኪፈታ አትጠብቂ። አሁን ረጅሙን እናውራ።

ያነበብሽው የ«ጂኒ» ታሪክ ይመስለኛል። ስሙ የልጅቷ እውነተኛ ስም አይደለም፣ ማንነቷ እንዳይታወቅ የተሰጣት ነው። የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1970 ሎስ አንጀለስ አካባቢ ነው። ያኔ ዕድሜዋ 13 ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት! ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንድ ክፍል ውስጥ ታስራ፣ ድምፅ ባሰማች ቁጥር አባቷ እየመታት፣ የሚያናግራት ሰው ሳይኖር አደገች። ከወጣች በኋላ ብዙ ቃላት ተማረች። ያቃታት ቃላቱን በሥርዓት አያይዞ ዓረፍተ ነገር ማድረግ ነው። ስልክሽ ላይ ያላገኘሽው ሌላም ነገር አለ። ለምርምሩ የሚሰጠው ገንዘብ ከተቋረጠ በኋላ ልጅቷ ከአንዱ አሳዳጊ ቤት ወደ ሌላው ተንከራተተች። አንዱ ቤት ውስጥ ስላስመለሳት ብቻ ክፉኛ ቀጧት፣ ከዚያ ወዲያ አፏን መክፈት ፈራች፣ የለመደችውንም መናገር ተወች። ይህን ያዢልኝ፣ ወደ አባትየው ጉዳይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ስለ ሌላዋ ልጅ ግን ማንም አልነገረሽም። እሷም እዚያው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1938 ነው የተገኘችው። «ኢዛቤል» ይሏታል፣ ይህም የተሰጣት ስም ነው። ስድስት ዓመት ተኩል ገደማ ሆኗት ነበር። መስማትና መናገር ከማትችል እናቷ ጋር ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው የኖረችው። ስትገኝ ሻካራ ድምፅ ከማውጣት በቀር ምንም አትናገርም፣ ያዩዋት ሰዎች መጀመሪያ ላይ መስማትም የማትችል መስሏቸው ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ እኩዮቿ ላይ ደረሰች። ትምህርት ቤትም ገባች።

ሁለቱን ምን ለያቸው? አንደኛው ዕድሜ ነው። ኢዛቤል የተገኘችው በግማሽ ዕድሜ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኢዛቤል ብቻዋን አልነበረችም፣ በምልክትም ቢሆን የምታናግራት እናት አጠገቧ ነበረች። እኔ ለሁለተኛው ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ።

የሚያስደነግጠውንም ልንገርሽ፣ ሌላ ቀን ብቻሽን አንብበሽው እንደገና እንቅልፍ እንዳታጪ። ሮማንያ ውስጥ አምባገነኑ መሪ ቻውሼስኩ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወድቅ በየማሳደጊያው የታጨቁ፣ አልጋ ላይ ተኝተው የሚውሉ ሕፃናት ታዩ። ይመገባሉ፣ ይታጠባሉ፣ ግን የሚያጫውታቸው የለም። ከዓመታት በኋላ ቡካሬስት ውስጥ ተመራማሪዎች 136 ሕፃናትን ይዘው ግማሾቹን በዕጣ አሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ አስገቧቸው። 15 ወር ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት በንግግር ከእኩዮቻቸው አልተለዩም። ሁለት ዓመት ካለፋቸው በኋላ የወጡት ግን በጣም ወደኋላ ቀሩ። ይህን ስታነቢ «የእኛማ አራት ዓመት አልፎታል» ማለትሽ አይቀርም። ግን እኮ የእነዚያ ልጆች ክፉ ጊዜ መጀመሪያው ነው፣ ያንቺው ልጅ ደግሞ መጀመሪያውን ከእናቱ ጋር ነው ያሳለፈው። አንድ ዓመት ከስምንት ወር ጡት ጠብቷል፣ ታዝሏል፣ እሹሩሩ ተብሎለታል። ከዚያም አያቱ ነበሩ። ያ ጊዜ እንዳለ ጠፍቷል ብዬ አላምንም። በትክክል ምን ያህል እንደሚመለስለት ማንም ሊምልልሽ አይችልም፣ ምናልባት ረጅም ወሬ መከተል ወይም ንባብ ለዓመታት ሊከብደው ይችላል። ከጂኒ ጋር ግን አታስተካክዪው።

ለመሆኑ እናቱ ስትሄድ ምን ምን ይል ነበር? ስሙ ሲጠራ ይዞር ነበር? «እማ» ይል ነበር? በሕፃንነቱ ከባድ ትኩሳት ወይም ማጅራት ገትር ይዞት ያውቃል? ጆሮው ይመግል ነበር? ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ ይህን ሁሉ ይጠይቁሻል። መልሱ ያለው እህትሽ ጋ ነው፣ ምናልባትም ስልኳ ውስጥ ካለ አሮጌ ቪዲዮ ላይ። ንገሪያት የምልሽ ለሕሊና ብቻ ብዬ አይደለም፣ ልጁ የእሷ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ጆሮው ይታይ። በጥምቀት ጆሮውን ያዘ ብለሻል፣ ስለዚህ ድምፅ ይሰማል ማለት ነው። ከበሮ መስማት ግን አንድ ነገር ነው፣ «ሳ»ንና «ሻ»ን መለየት ሌላ። ከበሮ እየሰማ በዝግታ የሚነገር ቃል የሚያመልጠው ልጅ ብዙ ነው። ሰፈርሽ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሪና ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ሪፈር አጽፊ። የጤና መድን ካላችሁ ደግሞ ያለ ሪፈር ወረቀት መሄዱ ለወጪ ይዳርግሻል። «ልጁ አይናገርም፣ እንዴት ይመረመራል?» ካሉሽ ልጁ ምንም ሳይመልስ ጆሮን የሚለካ መሣሪያ እንዳለ እወቂ። እዚያ ባይኖር የት እንዳለ ጠይቂያቸው። በዚያው የሕፃናት ሐኪምም ይየው። የምግብ እጥረት፣ የደም ማነስና የእንቅርት ነገር የልጅን ዕድገት ስለሚያዘገይ መመርመሩ አይከፋም። እጅሽን ይዞ ዕቃ ላይ ማስቀመጡንም ንገሪያቸው፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችም እንደዚያ ያደርጋሉ። ግን ቸኩሎ «ኦቲዝም ነው» የሚልሽ ካለ ልጁ ተዘግቶበት እንደነበር አስረግጠሽ ንገሪው። ከሮማንያ ማሳደጊያዎች ወጥተው እንግሊዝ አገር ካደጉት ልጆች መካከል ኦቲዝም የሚመስል ምልክት የነበረባቸው አሉ፣ ከእነሱ አንዳንዶቹ ቤተሰብ ውስጥ ሲቆዩ ምልክቱ ቀንሶላቸዋል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን በጣም ጥቂት ነው፣ ወረፋውም ረጅም ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራም ስላለው እነሱንም ጠይቂያቸው።

አሁን ወደ ቤትሽ እንግባ። ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው።

ልጅ ቋንቋ የሚይዘው ወሬ ስለሰማ ብቻ አይደለም፣ ሰው ሲመልስለት ነው። የባለቤትሽ ቴሌቪዥን የማይሠራውም ለዚህ ነው። መስማትና መናገር ከማይችሉ ወላጆች የተወለደ፣ ራሱ ግን ጆሮው ደህና የሆነ አንድ አሜሪካዊ ልጅ ነበር። ንግግር የሚሰማው በአብዛኛው ከቴሌቪዥን ነበር፣ ወደ አራት ዓመት ሲጠጋ አነጋገሩ የተዘበራረቀ ሆኖ ተገኘ። ሰው ተቀምጦ ያናግረው ሲጀምር ግን ቶሎ ተስተካከለ። ቴሌቪዥን ልጁ የሚያየውን አያይም፣ ጠይቆም መልስ አይጠብቅም። ባለቤትሽን «ተው» ከማለት ይልቅ ሥራ ስጪው። ማታ ሲገባ ለሩብ ሰዓት ያህል መሬት ላይ ከልጁ ጋር ይቀመጥ፣ ልጁ የነካውን ይንካ፣ የዕቃውን ስም ይጥራለት።

ቡና ስታፈዪ ያየሽውን ልጠይቅሽ። ጀበናው ሲገነፍል ልጁ ዞሮ ያያል? ካየ ያቺን ቅጽበት አትለፊያት። አንቺም ጀበናውን እያየሽ «ጀበና! ገነፈለ!» በይ። ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ላንቺ ረጅም ይመስልሻል፣ ለእሱ ግን ቃሉን የሚፈልግበት ጊዜ ነው። «ገ...» የሚመስል ነገር ካወጣ «አዎ፣ ገነፈለ!» ብለሽ ተቀበዪው። ምንም ካላለም ምንም አይደል፣ ወደ ስኒው ሂጂ። «በል! በል እንጂ! ጀበና በል!» ግን አይሁን። እንግዳ ፊት ደግሞ ፈጽሞ። ዝም ማለት ያተረፈው ልጅ ሊሆን ይችላል። ሲያለቅስ ይመቱት ነበር? ጎረቤት ስትጠሪ አልጋ ሥር የሚገባው ለምን እንደሆነ አስቢው።

ቀሚስሽን ይዞ ሲጎትትሽ ደስ ይበልሽ። ይህ ልጅ ሰው እንደሚረዳው ገብቶታል። ጀሪካኑ ላይ እጅሽን ሲያስቀምጥ ቶሎ ቀድተሽ አትስጪው፣ አታስጨንቂውም። ፊቱ ዝቅ ብለሽ «ውሃ ልስጥህ?» በይውና ትንሽ ጠብቂ። «ውሃ» ካለ አንቺ አንድ ቃል ጨምሪ፣ «ቀዝቃዛ ውሃ»። ነገ «ውሃ ጠማኝ» ትይለታለሽ። ሁልጊዜ እሱ ካለው አንድ እርምጃ ብቻ ቀድመሽ ሂጂ። «እንቢ» ማለቱም እኔን በጣም አስደስቶኛል። የሚሰማው የሌለ ልጅ «እንቢ» አይልም።

ልጅሽ ጎበዝ አስተርጓሚ ሆናለች። ትባረክ፣ ግን ሥራውን ነጥቃዋለች። «እስኪ እሱ ይንገረን» በያት በቀስታ። ኩኩሉ አጫውቺያቸው። እሷ ነጠላ ተሸፋፍና «ኩኩሉ!» ትበል፣ ውሎ አድሮ እሱ «አልነጋም!» ይላታል። የምትሸፈነው ግን ሁልጊዜ እሷ ትሁን፣ እሱን ጨለማ ቦታ እንዳታስገባው አደራ። እንዲህ ያለ ጨዋታ ተራ ጠብቆ መመለስን ያለማምዳል፣ የንግግር መሠረቱ ደግሞ ያ ነው። እህትሽ ትዘፍንለት የነበረ እሹሩሩ ካለ እሱም አሁን ይጠቅማል፣ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው ብለሽ አትፈሪ።

ጎረቤት «ስንት ቃል አወቀ?» ሲልሽ በቁጥር አትወጠሪ። የዕቃ ስም ቀላሉ ነው። አንቺ ግሡን ስሚ። በአማርኛ ማን እንደበላ የሚታወቀው ከግሡ መጨረሻ ነው፣ «በላ»፣ «በላች»፣ «በላሁ»። ዛሬ ለሁሉም «በላ» ሊል ይችላል፣ ትንሽ ልጅ እንደዚያ ነው የሚጀምረው። ከወራት በኋላ እራሱን «በላሁ»፣ ልጅሽን «በላች» ማለት ከጀመረ ግን ለእኔ ከሃምሳ የዕቃ ስም ይበልጥብኛል። ጂኒን ያቃታት እንዲህ ያለው ነገር ነበር። ደብተር ገዝተሽ የሰማሽውን እንደሰማሽው ጻፊ፣ ሐኪሙም ይፈልገዋል።

እንጀራውን ስለመደበቁ ብዙ አትጨነቂ። አትቆጪው፣ ፍራሹንም እሱ ፊት አትበርብሪ። እጁ የሚደርስበት ቦታ ላይ ዳቦ በሳህን አስቀምጪለትና ሲያልቅ ሙዪው። እንደማያልቅ ሲያውቅ ይተወዋል። ሲወድቅ አያለቅስም ላልሽው ደግሞ፣ ባያለቅስም ሮጠሽ አንሺው። «አመመህ? ጉልበትህን ነው?» በይው። ሲያለቅስ ሰው እንደሚመጣ ገና እየተማረ ነው።

ጠበሉን በተመለከተ ከባለቤትሽ ጋር አትጣዪበት። ይሂድ። ጸሎትና ሐኪም አይጣሉም፣ ሐኪም ዘንድ እየሄዱ ጠበል የሚጠመቁ ሞልተዋል። ሦስት ነገር ግን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ይሁን፣ በጥምቀት የሆነውን አይተሻል። ከእናንተ ተለይቶ አንድም ሌሊት አይደር። ማንም እንዲይዘው ወይም እንዲያስረው አትፍቀዱ። «ምላሱ ተይዟል፣ ይቆረጥ» ወይም «እንጥሉ ነው» የሚል ከመጣ ደግሞ በሩን አሳዪው።

አሁን እህትሽ። ፍርሃትሽ ይገባኛል። ሰው ቤት ተቀጥራ፣ በሯን ዘግታ የምታለቅስበት ቦታ እንኳ ላይኖራት ይችላል። ግን እስከ መቼ ይተኛል ልጁ? እናት ናት፣ አንድ ነገር እንዳለ ጠርጥራለች። የምታስበው ደግሞ ከእውነቱ የከፋ ሊሆን ይችላል። «ሞቶ ይሆን?» ብላ ብታድር ማን ይፈርድባታል?

ዕረፍት ያላት ቀን ምረጪ። ማታ ሥራ ደክሟት ስትደውል አይሁን። አብራት የምትውል ጓደኛ ካለች አጠገቧ መኖሯን ቀድመሽ አጣሪ። ከዚያ ከመጨረሻው ጀምሪ፣ «ልጅሽ እኔ ጋ ነው፣ በልቷል፣ ከልጄ ጋር እየተጫወተ ነው» በያት። ቀጥሎ ያየሽውን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ንገሪያት፣ ዘግተውበት ይሄዱ ነበር፣ የሚያናግረው አልነበረም፣ ንግግሩ ወደኋላ ቀርቷል። ለእኔ ያልነገርሽኝን የጥፍሩን ነገር ለእሷም አትንገሪያት። ትጮህ ይሆናል። «እስካሁን ለምን ደበቅሽኝ?» ብላ ስልኩን ትዘጋብሽ ይሆናል። አትከራከሪያት፣ በነጋታው አንቺ ደውዪ። ራሷን ስለመጉዳት ከተናገረች ደግሞ ስልኩን አትዝጊ፣ ጓደኛዋ ወይም አገር ሰው እስኪደርስላት አብረሻት ቆዪ። «ነገ ውሌን ጥዬ እመጣለሁ» ብትልም በዚያች ሌሊት አትወስኑ።

ከዚያ ሥራ ስጫት። ድሮ የምትዘፍንለትን፣ የምትጠራበትን የቁልምጫ ስም በድምፅ ቀድታ ትላክልሽ። ልጁ ፊት በቀስታ ክፈችውና ፊቱን እዪ። ላያውቃት ይችላል፣ ሊሸሽም ይችላል፣ ያኔ ዝጊና ሌላ ቀን ሞክሪ። ከለመደው በኋላ ቪዲዮ ጥሪው አጭር ይሁን፣ እሷም «እማዬ በለኝ» አትበለው። አሻንጉሊት ታሳየው፣ ትዝፈንለት፣ ትሳቅለት።

አባትየው። ጂኒን ያዢልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ገና ሰው ማመን የጀመረ ልጅ ከቤት ወደ ቤት ሲወረወር የያዘውንም ይጥላል። ስለዚህ «ለጥቂት ቀን ልየው» ቢልም ልጁ እንዳይሄድ። ሰው ፊት ለመነጋገር ግን በርሽን አትዝጊበት። የሽማግሌ ነገር «ተዉ፣ ተስማሙ» ነው፣ ለባልና ሚስት ጠብ ጥሩ ነው፣ እዚህ ላይ ግን ልጁን አሳልፎ የሚሰጥ ዕርቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሽማግሌ በፊት በከተማው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለውን መሥሪያ ቤት አነጋግሪ። እህትሽ ቤሩት ካለው ቆንስላ የውክልና ወረቀት እንዴት እንደምትልክና ፍርድ ቤት የልጁን አስተዳደግ እንዴት እንደሚወስን ይነግሩሻል። የሐኪሙን ወረቀት፣ ልጁን ስታመጪው ያነሳሽው ፎቶ ካለም እሱን አስቀምጪ። አደራ የተሰጡትን ልጅ መበደልና መተው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ያስቀጣል። መክሰስ አለመክሰሱን እኔ አልወስንልሽም። ዘመድ መሃል ቂም ምን እንደሚያመጣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። አባትየው ግን ይህን አንቀጽ እንደምታውቂ ይወቅ።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር አለ፣ እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም። እዚያ ቤት ጡት የሚጠባ ልጅ አለ ብለሻል። እናቱ አጠገቡ ስላለች ደህና ሊሆን ይችላል። ዓመት ሞልቶት እናቱ ሥራ መውጣት ስትጀምርስ የት ይውላል? በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። እሷን አግኝተሽ ወይም አስደውለሽ «ያንን ቤት አዘውትረሽ እዪልኝ» በያት። ማንንም መወንጀል አይደለም፣ ሥራዋም ነው።

ስለ መዋዕለ ሕፃናቱ አሁን አትቸኩዪ። «መጀመሪያ ይናገርና አምጪው» ያሉሽ ሰዎች ነገሩን ገልብጠውታል፣ ልጅ ከልጅ ነው የሚማረው። ለጊዜው ግን የግቢው ሁለት ሦስት ልጆች ይበቁታል። ለመስከረም የመንግሥት ትምህርት ቤት የቅድመ አንደኛ ክፍል፣ የልዩ ፍላጎት መምህር ያለበት ካገኘሽ የተሻለ፣ ለግማሽ ቀን እንዲቀበሉት አነጋግሪ።

የጆሮው ምርመራ ውጤት ሲመጣ ጻፊልኝ። ችግር ከተገኘበት ከላይ ካልኩሽ ውስጥ የሚቀየር ነገር ይኖራል።